ከኋላው ምን ይላል?

ፈዲላ ሰው አታምንም። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ዘጠኝ ዓመት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ተጋርተን ስለኖርን ነው የምናገረው። ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ የእሷ የመዋቢያ ሱቅና የእኔ የኮፒና የሕትመት ቤት ጎን ለጎን ናቸው። እሷ ስታስል እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ፕሪንተሩን ስሳደብ እሷ ትሰማለች። ማር ቢሆን፣ ወተት ቢሆን ሳታገላብጥ አትገዛም። ዓሣ ሻጩ አብዱልሰመድ «አሁን ነው ከሐይቁ የወጣው» ብሎ ወላሂ ቢልላት፣ የዓሣውን ጉንጭ ገልጣ ቅላቱን ካላየች አትወስድለትም። የታሸገ ነገር ከሆነማ ያችው አንድ ጥያቄ አለቻት፦ «ከኋላው ምን ይላል?»

እኔ አሕመዲን እባላለሁ። ይህችን ሴት ስንት ጊዜ እንደረገምኳት አላህ ያውቃል፤ አውፍ ይበለኝ። የእሷን ነገር ያለ ልጄ ነገር ላወራው አልችልም። ሂዳያ የበኩር ልጄ ናት። ለሙዓዝ፣ ለአምባሰሉ ልጅ ታጭታ፣ ኒካሑ ሊታሰር አንድ ወር ሲቀረው ፊቷ ተላጠ። ሠርጉ ይሁን ይቅር፣ ልጄ ሰው ፊት ትቁም ትደበቅ፣ ሁሉም ነገር በዚያ ፊት ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ደግሞ ጥፋቱን ወስጄ ፈዲላ ላይ ለጠፍኩት።

ፈዲላ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የገበሬ ልጅ ናት። በልጅነቷ ቁርኣን ቀርታ የዐረብኛ ፊደል ማንበብ ለምዳለች፣ በሃያ ዓመቷ ጂዳ ሄደች፣ ሰባት ዓመት በአንድ ቤት ሠራች። የዚያ ቤት ትንሿ ልጅ ሰሊጥ አይስማማትም ነበር። አንድ ቀን ፈዲላ ለልጅቱ ብስኩት ሰጠቻት። ፊት ለፊቱ ቴምር ተሥሎበታል፤ በትልቁ «ጠቢዒ» ይላል፣ ተፈጥሯዊ ማለት ነው። ተፈጥሯዊ ከሆነ ምን ይጎዳል አለች። ከኋላው ደግሞ ጉንዳን በሚያህል ፊደል ሰሊጥ እንዳለበት ተጽፎ ኖሯል። የልጅቱ ከንፈር አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ሐኪም ቤት በስንት መከራ ተረፈች። «አሠሪዬ አልመታችኝም» ትላለች ፈዲላ፣ ነገሩ በተነሣ ቁጥር። «መጠቅለያውን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ አንብቢ አለችኝ። አነበብኩ። እንደገና አንብቢ አለችኝ።» ከዚያ ወዲህ ያላነበበችውን ነገር አትነካም።

ሱቋን ስትከፍት ታዲያ እሷ ጋ ክሬም መግዛት መርማሪ ፊት እንደ መቅረብ ሆነ። በቆርቆሮው በኩል ሁሉንም እሰማለሁ።

«ኦርጋኒክ ነው ይላል እኮ እትዬ ፈዲላ» ትላለች ገዢዋ።

«ማን አለ? ኦርጋኒክ ነው ብሎ የመረመረው ድርጅት ስሙ የታለ? ቁጥሩስ? አሳዪኝ።»

«ይኸው ተፈጥሯዊ ይላል።»

«እሱን ማንም ይጽፈዋል። ገልብጪው። ዝርዝሩ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ውሃ አለ፣ አየሽ? ማሩ የት ነው? ከሽቶው በታች። ለስሙ ጠብ አድርገውበታል ማለት ነው። ደግሞ ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም ያለሽ ማን ነው? ሎሚ ተፈጥሯዊ ነው፤ ፊትሽን አሽተሽበት ፀሐይ ላይ ውጪና ትነግሪኛለሽ።»

ገዢዋ ተናዳ ወደ ሌላ ሱቅ ትሄዳለች። እኔም እስቃለሁ። «ፈዲላ፣ ዕቃ ትሸጫለሽ ወይስ ሰው ትመረምሪያለሽ?» ስላት፣ «ገልብጠው ያንብቡ ነው የምለው ጋሼ፣ ሌላ ምን አልኩ» ትለኛለች።

ኢቲሳም የመጣችው ባለፈው ዓመት ከረመዳን በፊት ነው። የውጫሌ ልጅ ናት፤ ዱባይ ሠርታ የተመለሰች፣ ጨዋታ የምታውቅ። በፍላሽ ጽሑፍ ይዛ መጥታ ስቲከር እንዳትምላት ጠየቀችኝ። «የአምባሰል ማርና እሬት ቅባት፣ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ ኦርጋኒክ» ይላል። «ለኋላውስ ምን ልጻፍ?» አልኳት። «ከኋላው ተወው ጋሼ፣ ባዶ ይሁን፣ ያምራል» አለች። እዚህ ላይ ነገሩ ከንክኖኛል፤ አልከነከነኝም ብል ዋሾ ነኝ። ግን የእኔ ሥራ ማተም ነው፣ መመርመር የፈዲላ ነው ብዬ አለፍኩት።

በዚያ ባበቃ እንኳ ደግ ነበር። ስቲከሩ ጭር ያለ መሰለኝና በራሴ ፈቃድ ሁለት ነገር ጨመርኩበት። አንደኛው ትንሽ አረንጓዴ ቅጠል ናት። ከሠርግ ጥሪ እስከ ሱቅ ሰሌዳ ያተምኩት ነገር ሁሉ ጥጉ ላይ ያቺ ቅጠል አለችበት፤ ፊርማዬ ናት። ሁለተኛው በዐረብኛ ፊደል፣ በትልቁ፣ «ጠቢዒ» የሚለው ቃል ነው። ለምን እንደጨመርኩት በደንብ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ የዐረብኛ ፊደል ያለበት ወረቀት መሬት አይጣልም። ባለቤቴ ረቢያ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ቢሆን ከመንገድ አንስታ፣ አራግፋ፣ ከፍ ያለ ቦታ ታስቀምጠዋለች። ምን እንደሚል አታውቅም፤ ቁርኣን የተጻፈበት ፊደል ነው፣ አለቀ። በዚያ ፊደል የተጻፈ ነገር ሊዋሽ ይችላል ብላ የምትጠረጥር ሴት በኛ ሰፈር አንዲት ብቻ ናት። ይህን አውቄ ነው የጻፍኩት፤ ኢቲሳምም ደስ አላት።

ብዙ ሳይቆይ አንዲት ደንበኛ ያ ስቲከር የተለጠፈበትን የቅባት ብልቃጥ ይዛ ፈዲላ ጋ ገባች። ወዲያው ፈዲላ ብልቃጡን ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ነው ያተመው?»

«እኔ በምን አውቄ?» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ብልቃጡን በእጇ አዞረችው። «የሠሪው ስም የለ፣ አድራሻ የለ። መቼ እንደተሠራ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ የለ። ምን እንደገባበት አንድ ቃል አልተጻፈም።»

«ማርና እሬት ነዋ። ማር ምን ያደርጋል?»

«ማር ከሆነ ከኋላው ለመጻፍ ምን አስፈራው? ደግሞ በሳምንት ፊት ያቀላል አሉኝ። ማር በሳምንት ሰው ያቀላል እንዴ ጋሼ?»

እሷም ግድግዳዬ ላይ የተለጠፉትን የሠርግ ጥሪዎች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ስታይ ቆይታ ወጣች። ሁሉም ላይ ቅጠሏ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደሜ በፈላ ቁጥር ለሰው ሁሉ «ምቀኛ ናት፣ የአገሯ ልጅ ሲያልፍላት ዓይኗ ይቀላል» ማለት ጀመርኩ። ያመነኝም ብዙ ነው።

በዚያው ሰሞን ሂዳያ አማረባት። ፊቷ ፈካ፣ ቆዳዋ ተወለወለ። የሙዓዝ እህቶች መጥተው ሲያዩዋት ረቢያ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች። የሙሽራ ወግ ነው፣ የወይባው ጢስ ነው አልን። አንድ ቀን ፈዲላ መንገድ ላይ አገኘቻትና አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻት። «ምንድን ነው የምትቀቢው?» አለቻት። ሂዳያ «ምንም» አለች። በሦስተኛው ቀን ጉንጮቿ እንደ በርበሬ ቀሉ፤ ከዚያ መላጥ ጀመሩ። ፀሐይ ሲነካት ታለቅሳለች።

«ዓይን ነው» አለች ረቢያ። «የፈዲላ ዓይን ነው የበላት። እንዴት አድርጋ እንዳየቻት ሰው ሁሉ አይቷል።»

እኔም ወዲያው ተቀበልኩ። ሌላ ሰው መጠርጠር እንዴት ያሳርፋል፣ ሱብሃነላህ። ሂዳያን ሼህ ኸሚስ ጋ ወሰድናት። ሽማግሌው ቁርኣን ቀርተውላት፣ ውሃ ሰጥተዋት ሲያበቁ ፊቷን ቀረብ ብለው አዩና «ሐኪምም ይያት» አሉን። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን ተመለስን። ሂዳያ ከቤት መውጣት ተወች። ሙዓዝ ሲደውል አታነሣም። «እንዲህ ሆኜ ካየኝ ኒካሑ ይቅርብኝ ይላል» ብላ ለእናቷ ስታለቅስ እሰማለሁ።

ጁምዓ ከሰላት ስመለስ ፈዲላን ደጃችን ላይ አገኘኋት። ረቢያ በሩን ይዛ ቆማለች።

«ዓይንሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ተመለሽ» ትላታለች።

«እታለም፣ ስድቡን በኋላ ትሰድቢኛለሽ። ልጅቱ የምትቀባውን ብቻ አሳዪኝ።»

«ምንም አትቀባም።»

ፈዲላ አልተከራከረችም። አንገቷን አስግጋ በረቢያ ትከሻ በላይ ማጀቱን አየች። «እነዚያስ ምንድን ናቸው?»

እኔ ማጀት አልገባም፤ ምን እንደተቀመጠ አላውቅም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ማንም እጁን ከማያሳርፍበት ቦታ፣ ሦስት ባዶ ብልቃጥ ተደርድሯል። ታጥበው ያብረቀርቃሉ። ረቢያ ከቆሻሻው ውስጥ አግኝታቸው ኖሯል። «የዐረብኛ ጽሑፍ አለበት፤ ማን እንደጣለው አላውቅም፣ እንዳይረገጥ ብዬ አነሣሁት» አለች። ልጄ ጨርሳ የጣለችውን የመርዝ ብልቃጥ እናቷ ለፊደሉ ክብር ብላ አስቀምጣዋለች። ያ ፊደል ደግሞ የእኔ የእጅ ሥራ ነው።

ፈዲላ ገብታ አንዱን አወረደች። ወደ እኔ መጣች፣ መዳፌን ይዛ ብልቃጡን አስቀመጠችበት።

«ያንብቡልኝ ጋሼ። ከኋላው ምን ይላል?»

ገለበጥኩት። «ምንም አይልም» አልኩ።

«ፊት ለፊቱስ?»

ፊት ለፊቱን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ሂዳያ ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ወጣች፤ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባለች። ፈዲላ አየቻትና ወደ እሷ ተጠጋች። «እኔም አጥፍቻለሁ» አለች። «ቅጠሏን አውቃታለሁ፣ የሱቄ ሰሌዳ ላይም አለች። ያን ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አባትሽ ነው ያተመው ማለት አቃተኝ። ግን አንቺስ፣ ስንት ጊዜ ከኋላው አንብቢ ብዬሻለሁ?»

«አይቻለሁ» አለች ልጄ። «ከኋላው ምንም እንደሌለ አይቻለሁ እትዬ ፈዲላ። ግን የአባን ቅጠል አየሁ። አባ ውሸት አያትምም ብዬ ነው የተቀባሁት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ረቢያ ተቀመጠች።

በማግስቱ ደሴ የወሰደቻት ፈዲላ ናት፤ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሄድኩ። ሐኪሙ ቅባቱ ውስጥ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይቀባ ብርቱ መድኃኒት ሳይቀላቀልበት እንደማይቀር ነገረን። ቆዳዋን አቅጥኖታል፤ ስታቆም መጀመሪያ ይብስባታል፣ ከዚያ ወራት ይፈጃል፣ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም አለ። የኢቲሳም ስልክ ከዚያን ቀን ጀምሮ አይሠራም። ውጫሌ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቤቱን ለቃለች። ጎረቤቷ ነጭ ክሬም በባልዲ ሲገባ እንጂ ማር ሲገባ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ከዚያው ወደ ሙዓዝ አባት አለፍኩና ኒካሑ ይቆየን አልኳቸው። «የደበቃችሁን ነገር አለ?» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። አለ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሙዓዝ ጥግ ላይ ቆሞ ሰማና ወጣ። እስከ ዛሬ በየጁምዓው ይደውላል፣ ሂዳያ አሁንም አታነሣም።

ስመለስ ማስታወቂያ አተምኩ። «ይህን ቅባት የገዛችሁ አትቀቡት፣ የተቀባችሁ ሐኪም ይያችሁ» ይላል፤ የብልቃጡም ሥዕል አለበት። በሯ ላይ እንድትለጥፈው ለፈዲላ ሰጠኋት። ፊት ለፊቱን አነበበችና ገለበጠችው።

«ባዶ ነው» አለችኝ።

«ማስታወቂያ ከኋላው ይጻፍበታል እንዴ?»

«ይጻፍበታል። ምቀኛዋ ፈዲላ የለጠፈችው ነው ቢሉ ማን ያምነዋል? እኔን ምቀኛ ያለኝ ሰው ስሙን ይጻፍበት።»

ብዕር አነሣሁ። «የቅባቱን ስቲከር ያተምኩት እኔ አሕመዲን ነኝ። ያቃጠለውም ልጄን ነው» ብዬ ከኋላው ጻፍኩ። ፊደሉ ተጣመመብኝ፤ እንደገና ልጻፈው ስል ፈዲላ ከለከለችኝ። ሁለቱም ወገን እንዲነበብ መስታወቱ ላይ እንደምትለጥፈው ነገረችኝና፣ «መጀመሪያ ለልጅህ አሳያት» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት እርስዎ ስትለኝ ኖራ አንተ ያለችኝ ያን ቀን ነው።

ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ። ሂዳያ መስኮቱን ዘግታ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ዘረጋሁላት፤ ጥጉ ላይ ቅጠሏ አለች፣ ከልማድ የተነሣ ሳላስብ አድርጌያታለሁ። ልጄ ቅጠሏን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊት ለፊቱን ሳታነብ ወረቀቱን ገለበጠችው።