የእማማ ሙፊን ቁልፍ

ክሊፎርድ ብራምሊ በረጅም የትወና ዘመኑ ያልሆነው ነገር የለም። ጳጳስ ሆኖ ባርኳል፤ ዳኛ ሆኖ ፈርዷል፤ ወንጀለኛ ሆኖም ተሰቅሏል። በአንድ ፊልም ላይማ ታሪኩ የሚጀምረው የእሱ ሬሳ ከወንዝ ሲወጣ ነው፤ የዚያን ውሃ ቅዝቃዜ ዛሬም ድረስ ያማርራል። እንዲህም ሆኖ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም። አውቶብስ ውስጥ ትክ ብለው ያዩትና «አውቅዎታለሁ! የጥርስ ሐኪሜ አይደሉም?» ይሉታል። እሱም አያሳፍራቸውም፤ «ታዲያ ጥርስዎን በደንብ ይቦርሻሉ?» ብሎ ይወርዳል።

በጥቅምት ግን ለንደን ውስጥ ዳኛ ሆኖ ሲጫወት፣ ፍርድ ሊሰጥ አፉን ከፍቶ ቃሉ ጠፋበት። ከመጋረጃው ጀርባ ሹክ ብለውት እንደምንም አለፈ። ለባልደረቦቹ ጉንፋን ነው አላቸው። ሚስቱን ኦድሪን ግን ሊዋሻት አልቻለም።

«ስማ ክሊፍ፣ የገናውን ሥራ ሥራ። እንደገና ከጠፋብህ ግን በቃ፣ ትተዋለህ። ሰው ሲስቅብህ ማየት አልፈልግም።»

«እኔኮ እንዲስቁብኝ ነው የሚከፈለኝ።»

«ነገር አታዙር!»

ቃል ገባላት። መድረክ ካልወጣ ምን እንደሚሆን ግን አያውቅም፤ ሌላ ሙያ የለውም።

የገናው ሥራ ባርንስሊ በምትባል ከተማ የሚታይ የልጆች አስቂኝ ተውኔት ነበር። በየዓመቱ የከተማው ሰው ከነልጆቹ ግልብጥ ብሎ ሊያየው ይመጣል፤ ልጆች ወንበር ላይ ቆመው ከተዋናዩ ጋር እሰጥ አገባ ይገጥማሉ። እንደ ወጉ በተውኔቱ ውስጥ ያለችውን አስቂኝ ባልቴት የሚጫወተው ወንድ ነው፤ ክሊፎርድም ጡትና ቢጫ ጸጉር አስሮ እማማ ሙፊን ሆነ።

የመጀመሪያው ክፍል ሸጋ ሆኖ አለፈ። በሁለተኛው ግን የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ እየዘፈነ መድረኩ ላይ ወደተሠራው ማድቤት ገብቶ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ምን እንደሚል ቀርቶ ለምን እንደገባም ጠፋው። አራተኛው ረድፍ ላይ ኦድሪ ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። «አለቀልኝ» አለ በልቡ። ከዚያ ትወናውን ትቶ እውነቱን ተናገረ።

«ልጆች፣ ምን ልሠራ ነበር የመጣሁት?»

አዳራሹ ተናወጠ። «ቁልፉን! ቁልፉን ልትወስጂ!»

«የቱን ቁልፍ?»

«የደበቅሽውን!»

«የት ነው የደበቅሁት?»

«ማንቆርቆሪያው ውስጥ!»

«የለም!»

«አለ!»

«የለም ስላችሁ!»

«አለ! አለ!»

«ክፈቺው እንጂ፣ አንቺ ዝንጉ!» ብለው አንዲት አሮጊት ከኋላ ጮኹ። ሰው በሳቅ አለቀ።

ከፈተው። ቁልፉ አለ። ቁልፉን ሲያይ የጠፋው ቃልም ተግተልትሎ መጣለት፤ እስከ መጨረሻውም አንድም ነገር አልሳተም።

ጨዋታው ሲያልቅ ኦድሪ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። ክሊፎርድ ቢጫውን ጸጉር አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«አየሽ አይደል፤ ቃሌ ቃል ነው፣ እተዋለሁ» አላት።

ይሄኔ አዘጋጁ ራልፍ ታስከር በሩን በርግዶ ገባ።

«አንተ ሽማግሌ ሸረኛ! ያቺን የመርሳት ጨዋታ በልምምዱ ሁሉ ደብቀህብኝ ኖሯል? ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ እዛችው ቦታ ላይ ትረሳልኛለህ!» ብሎት እየሳቀ ወጣ።

ባልና ሚስት ተያዩ። ከጥቅምት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማው፤ እፎይ ሲል ዕንባው ቀደመው። ኦድሪ ቢጫውን ጸጉር ከጉልበቱ አንስታ መልሳ አናቱ ላይ ደፋችለት።

«ሰምተሃል» አለችው። «መርሳቱን እንዳትረሳ።»