ጆንያ በርባሪው መራጭ

አጎቴ ጨለለቅቱ ከተማ ላይ እሸት ቡና ከገበሬዎች እየገዛ ይሰበስባል። ከላይ ቀዩን አድርገው ከሥር ጥሬውን ይደብቁብኛል ብሎ ስለሚጠረጥር፣ የገዛ ወንድሙ እንኳ ቡና ቢያመጣለት እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ሳይሰድ አይገዛም።

ይኸው ጠንቃቃ ሰው በምርጫው ቀን ጺሙን ተላጭቶ፣ ሱፉን ለብሶ በማለዳ ተሰለፈ። እኔም ከኋላው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ የምትመርጠው ሰውዬ ምን ሊሠራልን ነው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ! የእኛው ልጅ አይደል? ደግሞ የሚያሸንፈውም እሱ ነው ይላሉ።»

የአገሩ ሁሉ ጥበብ ይኸው ነው። ዘሩን ጠይቅ፣ አሸናፊውን ገምት፣ ከዚያ ቀለም የነካ ጣትህን እንደ ጀግና እያሳየህ ቤትህ ግባ።

«ታዲያ የወንድምህን ጆንያ ለምን ትበረብራለህ?» አልኩት ተናድጄ።

እንደ ሞኝ አየኝ።

«ቡናውን እኮ የምገዛው በራሴ ገንዘብ ነው!»