የአዴ ጫልቱ ውሃ እና የኔ ቡጋንቪላ

አበባ አወጣች! ጉልበቴ ጋ የማትደርሰው ቡጋንቪላዬ ዛሬ ጠዋት ሮዝ በሮዝ ሆና ጠበቀችኝ። በረንዳ ላይ ብቻዬን እልል አልኩ!

ቦንሳይ፣ ማለትም ድንክ ዛፍ፣ ላደርጋት ብዬ ስንት ዓመት በትንሽ ሸክላ ውስጥ ሥሯን እየከረከምኩ፣ ቅርንጫፏን በሽቦ እያጎበጥኩ አሳደግኳት። የአምቦ ሰው "ምን አድርጋሽ ነው የምታሰቃዪያት?" ሲለኝ ከረመ።

ቡጋንቪላ ደግሞ ትንሽ ካልተጠማች አበባ አትሰጥም። እኔ አስጠማታለሁ፣ እሷ ቅጠል ብቻ!

ለካስ አከራዬ አዴ ጫልቱ ሥራ ስሄድ ጠብቀው፣ "ነፍስ ያለው ነገር እንዴት ይጠማል?" እያሉ በጣሳ ያጠጧታል። ብለምናቸው፣ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች!

በቅርቡ ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ካቺሲ ሄዱ። ቡጋንቪላዬም በሰላም ተጠማች። ይኸው ውጤቱ!

ዛሬ ከሰዓት ተመለሱ። ዕቃቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ አበባዋን አዩና ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። "ኩኖ! ይኸው! እዩልኝ! አላልኳችሁም? ውሃዬ ሠራ!"

እኔም አብሬያቸው እልል አልኩ።

እናንተስ ለፍታችሁ ያሳመራችሁትን ማን "የኔ ነው" አለባችሁ? ጻፉልኝ፣ ተመልሼ አነባለሁ። አሁን ግን አዴ ጫልቱ ጣሳቸውን ሞልተው ወደ በረንዳው እየመጡ ነው። ልሩጥ!