ጋሽ ብልጭታ የጠየቁት መርፌ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ባሏና የደመወዝ ክፍሉ ሰውዬ ብቻ ናቸው እየተባለ በከተማው ይቀለድ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ዶክተር ቀስ» ናት። የተሰበረ እጅ ስትይዝ «ቀስ»፣ ምጥ የያዛትን ሴት ስታረጋጋ «ቀስ»፣ አምቡላንሱን የሚያከንፈውን ሹፌር «ቀስ በል አንተ ሰውዬ!» ማለት ልማዷ ስለነበር ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። እሷ ራሷ ግን ቀስ የምትል ዓይነት አልነበረችም። ኮሪደሩን ስታቋርጥ የጋወኗ ጫፍ ከኋላዋ ይበር ነበር። የምታውቀውን «አውቃለሁ»፣ የማታውቀውን «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ትላለች፤ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ። ለአጭር ጊዜ ተመድባ መጥታ ፀጉሯ እስኪሸብት የቆየችውም ሥራው ስለተስማማት ነው። ትልቅ ሆስፒታል ብትገባ አንድ ክፍል ይሰጧት ነበር፤ እዚህ ግን ታዋልዳለች፣ ቀዶ ጥገና ታደርጋለች፣ ትሰፋለች፣ አንዳንዴም ባልና ሚስት ታስታርቃለች።

ጋሽ ብልጭታ ደግሞ የከተማው በያጅ ነበሩ። የሆስፒታሉ በር፣ የመስኮቶቹ ፍርግርግ፣ የጉሉኮስ መስቀያው፣ የአልጋዎቹም ግማሽ የእጃቸው ሥራ ነው። ስለዚህ ታመው ሲገቡ የተኙት ራሳቸው በበየዱት አልጋ ላይ ነበር። በተገላበጡ ቁጥር አልጋው ሲንጫጫ፣ «ይሄን የበየደው ሰውዬ መታሰር አለበት» እያሉ ክፍሉን በሙሉ ያስቁ ነበር።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ከፕሮስቴት የተነሳው ካንሰር አከርካሪያቸው ውስጥ ገብቷል። የትልቁ ከተማ ሐኪሞች መርምረው፣ ጨረሩንም ሞክረው፣ በመጨረሻ «ከእንግዲህ ከቤተሰባቸው ጋር ይሁኑ» ብለው መለሷቸው። ሕመሙ ሲነሳ እኚያ ብረት ሲያነሱ «እህ» የማይሉ ሰው ትራሱን ነክሰው ይጮሃሉ። መርፌ ይወጋሉ፣ ጥቂት ይተኛሉ፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ባለቤታቸው፣ ከተማው በሙሉ «እትዬ» የሚላቸው ክርና ቁልፍ ሻጭ፣ ሱቃቸውን ዘግተው አልጋው ሥር ከሰነበቱ ቆይተዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ዶክተሯ ታማሚዎቿን እየዞረች ስታይ ጋሽ ብልጭታ እትዬን ሻይ እንዲያመጡ ላኳቸው። ሻዩን እንደማይጠጡት ባልና ሚስቱ ሁለቱም ያውቃሉ።

«መጋረጃውን ሳቢው» አሏት ዶክተሯን። ሳበችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ‹ቀስ› እንዳትዪኝ።»

«አልልም፣ ጋሼ።»

«አንድ መርፌ ስጪኝና ልረፍ። የመጨረሻውን። ምን እንደምል ገብቶሻል።»

ገብቷታል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። የብየዳ እሳት ያቀለመው ሸካራ መዳፍ ነው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ነገር...»

«ተይ!» አቋረጧት። «አንቺ ዶክተር ቀስ እንጂ ቄስ አይደለሽም። ስብከት አልፈለግሁም። እሺ ወይ እምቢ በዪኝ።»

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ሕመሙ ነጠቃቸው። እሷም «ነገ መልሱን ይዤ እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

ያን ቀን ሥራዋን እንደ ወትሮው ሠራች። ልጅ አዋለደች፣ የአንድ ግንበኛ ጭንቅላት ሰፋች። በመሃሉ ግን ነገሩ አልለቀቃትም። መድኃኒቱ የት ቁምሳጥን እንዳለ፣ ስንት እንደሚበቃ፣ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ማንም አይጠይቃትም፤ ሰውዬው ሊሞቱ ነው ተብሎ ተነግሯል። ስታስበው እጇ አልተንቀጠቀጠም። ያስደነገጣትም ይኸው ነው። የእሷ እጅ ለምንም ነገር ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ስለዚህ እጇን ምስክር ልታደርገው አትችልም።

ቤት ስትገባ ባሏ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ ሸሚዝ ይተኩስ ነበር። ነገረችው።

«ሕጉስ?» አላት።

«ሕጉን አውቀዋለሁ። የያዘኝ ሕጉ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው የያዘሽ?»

«ሰውዬው የጠየቁኝ ሞትን ይሁን ዕረፍትን አልለየሁም። ሌላ በሽተኛ ‹እግሬን ቁረጪልኝ› ቢለኝ መጀመሪያ የት እንደሚያመው እጠይቀው ነበር። እሳቸውን ግን አልጠየቅኋቸውም፤ ደንግጬ ወጣሁ።»

ባሏ መተኮሻውን አቆመው። «አንቺ? ደነገጥሽ?»

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

በማግስቱ መጋረጃውን ራሷ ሳበችና ሳትቀመጥ ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ ሕመሙ ባይኖርስ?»

«እ?»

«ሕመሙን ባጠፋልዎ፣ ያኔም መርፌውን ይፈልጋሉ?»

ጋሽ ብልጭታ ጣሪያውን አዩ። «ሕመሙ ባይኖርማ ምን ነካኝ ብዬ ነው የምሞተው!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እሱ ብቻ ግን አይደለም። ከሰው የማላወራው ነገር አለ። እትዬ ታጥበኛለች። ልብሴን ትቀይራለች። እኔ የዚህን ሁሉ ሰው በር የሠራሁ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን እገላበጣለሁ። ይሄንንስ ታጠፊልኛለሽ?»

«አላጠፋልዎትም» አለች። «እሱን አልችልም። ሕመሙን ግን የምችል ይመስለኛል። የእስካሁኑ አያያዛችን ልክ አልነበረም። የጠየቁኝን መርፌ ደግሞ አልሰጥዎትም። አልገድልዎትም፣ ጋሼ። አልተውዎትምም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ፈሪ ነሽ!» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። አልጋው ተንጫጫ። ማንም አልሳቀም።

ስድቡን ውጣ ቀጥታ ወደ ቢሮዋ ገባችና በትልቁ ከተማ የሕመም ማስታገሻ ክፍል የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋ ደወለች። ጓደኛዋ የሚሰጡትን መጠን ስትሰማ ስልኩ ውስጥ ጮኸች። «በውሃ ጠብታ እሳት ልታጠፉ ነው እንዴ? ደግሞስ ሲጮኹ ነው የምትሰጧቸው? ሳይጮኹ ነው እንጂ! ሰዓቱን ጠብቃችሁ፣ በአፍ የሚወሰደውን፣ እየለካችሁ ጨምሩ።» ዶክተሯ ብዕሯን አውጥታ እያንዳንዱን ነገር ደግማ አስነገረቻት። መድኃኒቱማ ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር፤ ሞርፊን ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ስለሚፈራው ከቁምሳጥኑ የሚወጣው ለቅንጣት ያህል ነበር።

አዲሱን ትዕዛዝ ስታይ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዓይኗ ፈጠጠ። እሷና ዶክተሯ አብረው የኖሩ፣ የተጣሉ፣ የታረቁ ናቸው።

«ዶክተር፣ ትንፋሻቸው ቢቆምስ? ገደሉት ነው የሚሉን።»

«ከፍ የምናደርገው ጥቂት በጥቂት ነው። ትንፋሻቸውን አብረን እንቆጥራለን።»

«መርፌ ጠይቀውሻል አሉ። እምቢ ብለሻል አሉ። ታዲያ ይሄ ከዚያ በምን ይለያል?»

ሌላ ሐኪም ቢሆን ይቆጣ ነበር። ዶክተር ቀስ ግን ጥያቄውን ወደደችው፤ ራሷን ስትጠይቀው ነው የዋለችው። «ሕመማቸው ሲቆም እኛም መጨመሩን እናቆማለን» አለች። «ልገድላቸው ብፈልግ ግን ሕመሙ ቆሞም እጨምር ነበር። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ እህቴ። ትዕዛዙ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የሚመጣውን የምቀበለው እኔ ነኝ።»

ሲስተሯ ቁልፉን አነሳች። «እሺ። ግን የመጀመሪያውን አንቺ ስጪ።»

«እሰጣለሁ።»

ጋሽ ብልጭታ መድኃኒቱን ወስደው ረጅም እንቅልፍ ተኙ፤ ሲነቁም ሾርባ ጠየቁ። ቀናት ሲያልፉ ጩኸቱ ጠፋ። አንድ ጠዋት ዶክተሯ ገና ከበሩ ስትገባ፣ «የፈሪዎች አለቃ መጣች!» አሏት፤ በዚህም ታረቁ።

መድኃኒታቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። አልጋቸው ግቢያቸው ውስጥ ባለው የብየዳ ቤት በር ላይ ተዘረጋ። ደንበኞች እየመጡ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ሥራውን የተረከበውን የወንድማቸውን ልጅ፣ «በመነጽር ሥራ፣ ዓይን እንደ ብረት ከገበያ አይገዛም!» እያሉ ሲጨቀጭቁት ይውላሉ። ሲስተሯ ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች። ሰውነት ማጠቡንም እሷ ተረከበች። ጋሽ ብልጭታ መጀመሪያ አንገራገሩ፤ በኋላ ግን ከሚስት ይልቅ በባለሙያ መታጠቡ ቀለላቸው። ዶክተሯ «አላጠፋልዎትም» ያለችው ነገር እንኳ እንዲህ ትንሽ ቀለል አለ።

አንድ ከሰዓት እትዬ ሆስፒታል መጥተው የዶክተሯን ቢሮ አንኳኩ። ከቦርሳቸው የሞርፊኑን ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን ቤቴ አታስቀምጪብኝ» አሉ።

«ምነው እትዬ፣ አስቸገረዎት?»

«እጄን አላመንኩትም።» ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ተኝቶ ሳየው፣ እንዲህ እንደተኛ ቢቀርስ እላለሁ። ትላንት ክዳኑን ከፍቼው ነበር። እሱን ላሳርፈው ይሁን ራሴን ላሳርፍ፣ እኔ እንጃ ልጄ። ደክሞኛል።»

ዶክተሯ በሩን ዘጋችና አጠገባቸው ተቀመጠች። «እኔም አስቤዋለሁ፣ እትዬ» አለች።

«አንቺም?»

«ጋሼ በጠየቁኝ ቀን። ቀኑን ሙሉ።»

ዶክተሯ ጠርሙሱን አንስታ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የየዕለቱን መድኃኒት ሲስተሯ ይዛ እንድትሄድ ተደረገ። የጋሽ ብልጭታ ወንድም ልጅ ሚስትም እየመጣች ከእሳቸው አጠገብ ስትቀመጥ፣ እትዬ ሱቃቸውን በቀን ለጥቂት ሰዓት መክፈት ጀመሩ። ክር ሲመርጡ የሚጨቃጨቋቸው ደንበኞች ከማንኛውም መድኃኒት የበለጠ በጇቸው።

ዝናቡ ሲመጣ አልጋቸው ወደ ቤት ገባ፤ ሕመሙም መልሶ በረታ። የሚጨመረው ሁሉ ተጨምሮ የማይበቃበት ቀን መጣ። ዶክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ይቀረኛል። እንዲተኙ አደርጋለሁ። ሕመሙ እንዳይሰማዎት ያህል ብቻ። ትንፋሽዎ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ እኔ አላስቆመውም።»

«እነቃለሁ?»

«የሚነቁ አይመስለኝም።»

ጋሽ ብልጭታ ከጉሮሯቸው የምትወጣ ቀጭን ሳቅ ሳቁ። «ይሄማ ያው የጠየቅኩሽ ነው! ዞረሽ ዞረሽ መጣሽ።»

«ለእርስዎ ያው ሊሆን ይችላል። ለኔ ያው አይደለም።»

«ለራስሽ ነዋ የምትጠነቀቂው!»

«አዎ፣ ለራሴም ነው» አለች ዶክተሯ። «ነገ ጠዋት ሌላ በሽተኛ በዚህ እጅ ይታያል። ይሄ እጅ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማወቅ አለበት።»

«እትዬን ጥሪያት» አሉ ጋሽ ብልጭታ። «ከሷ ጋር የማወራው አለኝ። ከዚያ በኋላ ነይ።»

ባልና ሚስቱ ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። እትዬ ሲወጡ ዓይናቸው ደርቆ ነበር። «ይሁን» ብቻ አሉ። ዶክተሯ ገብታ መድኃኒቱን በልክ ሰጠች። ሌላ ሰው አልላከችም። ጋሽ ብልጭታ ከዚያ በኋላ አልተናገሩም፤ አልጮሁምም። ብዙም ሳይቆዩ፣ አንድ ከሰዓት እትዬ እጃቸውን ይዘው ሳሉ ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ ተራራቀና ቆመ።

ከተማው ወሬውን ለሁለት ከፈለው። ግማሹ «በመርፌ ገላገለችው» አለ፣ ግማሹ «እየለመናት አሰቃየችው» አለ። የከተማው ሥጋ ሻጭ ደፋር ነውና ሰው ፊት ጠየቃት። «ዶክተር፣ እውነት ገደልሽው?»

«አልገደልኳቸውም» አለች። «ሕመሙን አጠፋሁላቸው፣ ካንሰሩ ገደላቸው። ሌላ የሰማኸው ካለ አሁኑኑ ጠይቀኝ፤ ቆሜ እመልስልሃለሁ።»

ሥጋ ሻጩ ሌላ አልሰማም ነበር፤ ወይም ሰምቶም ተወው።

በሆስፒታሉ ግን ነገር ተለወጠ። ሲስተሯ ትልቁ ከተማ ድረስ ሄዳ የሕመም አያያዝ ሥልጠና ወስዳ ተመለሰች፤ አሁን ወጣት ሐኪሞችን «ሲጮኹ ነው እንዴ የምትሰጡት?» እያለች የምታስደነግጠው እሷ ናት። የመጨረሻውን መርፌ የሚጠይቁ በሽተኞች ከዚያም ወዲህ መጥተዋል፤ ብዙ አይደሉም። ዶክተሯ ለሁሉም ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ምኑ እንደሚያማቸው ትጠይቃለች፣ መልሷም አልተለወጠም። ባሏ አንድ ጊዜ፣ «የጠየቁሽ ሰዎች ተሳስተዋል ትያለሽ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «አልልም» አለችው። «በነሱ አልጋ ላይ ብተኛ ምን እንደምጠይቅ አላውቅም። በኔ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ምን እንደምመልስ አውቃለሁ።»

እትዬ ለደም ግፊታቸው በየጊዜው ይመጣሉ። አንድ ቀን ዶክተሯ ክንዳቸው ላይ ማሰሪያውን እየጠቀለለች ሳለች በድንገት፣ «በዚያን ጊዜ እሺ ብትዪው ኖሮ እመርቅሽ ነበር» አሏት።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ...» እትዬ አሰቡ። «ዛሬ በር ላይ ተኝቶ ያንን ልጅ ሲሰድበው ትዝ ይለኛል። እሱ ሁሉ ባልኖረኝ ነበር። ግን ደግሞ የመጀመሪያውን ሰሞን ጩኸቱንም አልረሳሁት። ለሱ ይቅር አላልኩሽም።»

«ልክ ነዎት» አለች ዶክተሯ። «እሱ የኔ ጥፋት ነው። ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ።»

እትዬ ይህን መልስ አልጠበቁትም ነበር። ወደ መለኪያው አንገታቸውን አስረዘሙ። «ስንት ሆነ?»

«ከፍ ብሏል። ጨው እየበሉ ነው አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ክንድዎ ነገረኝ» አለች ዶክተሯና ማሰሪያውን ፈታችላቸው። እትዬ ስለ ጨው ጉዳይ እየተከራከሩ ወጡ፤ ቀጣዩ ታማሚም ገባ።