«የእናት ስም» የሚለው መስመር

እኔ የምተዳደረው ፎርም በመሙላት ነው። መርሳ ላይ፣ ከወረዳው መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ፓስፖርት የሚያወጣው፣ የሚያሳድሰው፣ የጠፋበት፣ ቪዛ የተከለከለው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ጥያቄያቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ። በርበሬ ያስገባሉ ወይ? ማር በእጅ ይያዛል ወይስ ሻንጣ ውስጥ? መብራት ጠፍቶ ቀጠሮዬን ሳላይ ካለፈብኝ እንደ አዲስ ልመዝገብ? ከኮምቦልቻ ስነሳ ሻንጣዬን አዲስ አበባ ላይ እኔ ነኝ የምቀበለው ወይስ ራሱ ይሄዳል? ይኼን ስመልስ ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ ሰው ማናገር ያስጠላኛል።

ትዕግሥት የሚሉትን ነገር ደግሞ አላህ አልሰጠኝም። «መታወቂያህ ላይ ሌላ ስም፣ የትምህርት ማስረጃህ ላይ ሌላ ስም! ታዲያ አንተ የትኛው ነህ?» እያልኩ ስንቱን በሰው ፊት አሳፍሬያለሁ። አንድ ሽማግሌ ሐጅ ሊሄዱ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፤ እዚህ በአባታቸው ስም፣ እዚያ ባሳደጋቸው አጎታቸው ስም ነው የሚጠሩት። «የትኛው ነዎት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሁለቱም እኔ ነኝ» አሉኝ። ሳቅኩባቸው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ ባገኛቸው እግራቸው ላይ ነበር የምወድቀው።

ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፤ የመኖሪያ ፈቃድ አላት፣ ወረቀቷ ንጹሕ ነው። ባለፈው ክረምት ራስ ምታቱ አላስተኛ አላት። ኋላም ግራ ዓይኗ መደብዘዝ ጀመረ። እዚያው በምትሠራበት ቢያዩዋት ጭንቅላቷ ውስጥ እጢ ተገኘ፤ ቶሎ ካልወጣ አይሆንም ተባለ። ይኼን በስልክ የነገረችኝ አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ናት። እህቴ ስልኩን ስትቀበላት አላለቀሰችም። «እማን አምጪልኝ» አለችኝ። «እዚያ ክፍል ከገባሁ ላልወጣ እችላለሁ። እማን ሳላይ ራሴን አላስነካም።»

«አብደሻል እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት። ብጮህ ምን ዋጋ አለው፣ ልጅቷን አውቃታለሁ፤ አንዴ እምቢ ካለች እምቢ ነው።

ሆስፒታሉ ደግ ሰዎች ነበሩት፤ እናትየዋ አስታማሚ ሆና እንድትገባ ደብዳቤ ጻፉላት። ደብዳቤው የሚሠራው ለሠላሳ ቀን ነው። የሚፈለገው የእናቴ ፓስፖርትና እናትነቷን የሚያሳይ ማስረጃ ብቻ ነበር። ፓስፖርቱ አለ፤ እህቴ ዑምራ አስደርግሻለሁ ብላት አምና እኔው ራሴ ያወጣሁላት። የልደት ምስክር ወረቀቱም እህቴ ስትሄድ የተሠራ፣ እዚያው መኖሪያ ፈቃዷ ፋይል ውስጥ የገባ አለ። «ይኼማ የኔ ሥራ ነው፣ በሳምንት አስገባሻለሁ» አልኳት እናቴን። እናቴም ያንኑ ዕለት ሻንጣ ልትዋስ ጎረቤት ወጣች።

በስድስተኛው ቀን አዲስ አበባ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ ደወለ። «እመቤት፣ ፓስፖርቱ ላይ ያሉት ሴትዮ የልጅቷ እናት አይደሉም» አለኝ።

«ምን?»

«የልደት ወረቀቱ ላይ ያለችው እናት ሌላ ናት። ስማቸው አይገናኝም።»

እኛ ዘንድ ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። የልጅነት ስሟ አባቷ ቤት ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ባሏም ጎረቤቷም የሚያውቋት ባማቷ ስም ነው። እናቴም እዚሁ ቅርብ ካለችው ከግራና ተድራ ስትመጣ የአባቴ እናት ስም አወጡላት፣ ምርቃት ያለበት ጥሩ ስም። መታወቂያዋም የመሬት ደብተሯም ፓስፖርቷም በዚያ ስም ነው። የእህቴ የልደት ወረቀት ላይ ብቻ የልጅነት ስሟ ተጽፏል።

ያን ስም የጻፈችው ይቺ የኔ እጅ ናት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩትም ነበር፤ ኋላ ኋላ እኔ ራሴም ረስቼዋለሁ። እህቴ ልትሄድ ስትሰናዳ የእናቴ እናት ግራና ላይ አረፉ። ለቅሶ ተቀምጠን ስንመለስ እናቴ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት እያየች «በቃ፣ ከእንግዲህ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም» አለች። ለራሷ ነው የተናገረችው፣ ለኔ አልነበረም። ወንድሟ እንኳ፣ አጎቴ፣ ሲጠሯት «እታለም» ነው የሚሏት። በሳምንቱ የእህቴን የልደት ወረቀት ማመልከቻ ስሞላ «የእናት ስም» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ይቺ ሴት በወለደቻት ልጅ ወረቀት ላይ እንኳ በገዛ ስሟ ትግባ ብዬ ጻፍኩት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ለብቻዬ ስፈግግ ዋልኩ። ጅል! ገና ሥራውን ከመጀመሬ አዋቂ ሆኜ!

አዲስ ወረቀት ላሠራ ቀበሌ ሄድኩ። መዝጋቢዋ የማውቃት ልጅ ናት፤ አዘነችልኝ። «ብቀይርልሽም አይጠቅምሽም» አለችኝ። «አሮጌው እዚያ ፋይሏ ውስጥ አለ። ሁለት ዓይነት ወረቀት ካዩ ጭራሽ ፎርጅድ ይሉሻል። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ፍርድ ቤት ይወስንልሽ።» እውነቷን ነው። እኔ ራሴ ለስንቱ ሰው የምለውን ነው የነገረችኝ።

እናቴ ከቢሮ ቢሮ ከኔ ኋላ ኋላ ትከተለኛለች። በየደረስንበት ትጠይቃለች፣ ይነግሯታል፣ እሷም ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ያ ረቢ! ይኼን የጻፈ እጁ ይቆረጥ!» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ወረቀት አገላብጣለሁ። አንድ ቀን ወረፋ ላይ የነበሩ ሴቶች ሁሉ አብረዋት «አሚን» አሉ። የእጄን መዳፍ ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት። ልንገራት እላለሁ፣ አፌ አይከፈትልኝም። እሷ ልጇ እየሞተችባት ነው፤ በዚህ ላይ የገደለቻት ታላቋ ናት ልበላት?

ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው ብሎ ቅርብ ቀጠሮ ሰጠን። ለኔ ግን ቅርብ አልነበረም። እህቴ በየቀኑ ትደውላለች፤ በመጀመሪያ «መቼ ነው?» ትል ነበር፣ ኋላ መጠየቁንም ተወችው። ጓደኛዋ «ሐኪሞቹ ተቆጥተዋል፣ ግራ ዓይኗ አሁን ጭራሽ አያይም፣ እባክሽን ግቢ በያት» አለችኝ። ለመንኳት። በአባታችን አጥንት ለመንኳት። «እማን» አለች፣ ሌላ ቃል የላትም። ሱቄ ውስጥ ሰው ገብቶ «ፓስፖርቴ ደርሷል ወይ?» ሲለኝ «እኔ ነኝ የማትመው?» ብዬ አምባረቅሁበት። ሰውየው ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

የቀጠሮው ቀን አጎቴ ከግራና በጠዋት መጡ። ከሠርጉ ሰዎች የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው፣ ረጋ ያሉ። «አባባ፣ እኚህን ሴት በምን ስም ያውቋቸዋል?» አሏቸው።

አጎቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «እታለም» አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። «ስማቸውን ነው፣ አባባ።»

«ስሟንማ እናታችን» ብለው የልጅነት ስሟን ጠሩ፤ «ስትዳር ደግሞ አማቷ» ብለው ሁለተኛውን። «ወላሂ፣ ሁለቱም እሷው ናት። የማላውቀውን አልተናገርኩም።»

ዳኛዋ ወረቀቱን ደግመው አዩት። «መልካም። ግን የእናትየው ማስረጃ ሁሉ በአማታቸው ባወጡላቸው ስም ሆኖ ሳለ ይኼኛው ላይ ብቻ የልጅነት ስማቸው እንዴት ገባ? ማን አስሞላው?»

እናቴ ማንንም አላስቀደመችም። «እኔም እሱን ነው የምፈልገው፣ ልጄ! እጁ ይቆረጥ!»

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ስሞላው ማንም አላዘዘኝም። እናቴ ከአያቴ ለቅሶ ስትመለስ በስሜ የሚጠራኝ የለም ስትል ሰምቼ ነው። ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።» ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ሲጽፉ ቆዩ። ወደ እናቴ መዞር አልቻልኩም።

ውሳኔው ተሰጠን። ባጃጅ ይዘን ተመለስን። ቤት በር ላይ ስንወርድ ክንዴን ያዘችኝ። «የዚያን ቀን ያልኩትን ሰምተሽኝ ኖሯል?»

«አዎ፣ እማ።»

ቀኝ እጄን ገለበጠችና መዳፌ ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» አለችበት። «የረገምኩትን አላህ አይስማው። ያላወቅሁ ነኝ፣ ያ ረቢ፣ አትስማኝ» እያለች እጄን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ከስንት ቀን በኋላ ያለቀስኩት።

አዲስ አበባ ሄጄ ውሳኔውን አስተረጎምኩ፣ ማኅተም ላይ ማኅተም አስመታሁ፣ ትርጉሙን ለቪዛው አስገባሁ። ቪዛው የመጣው የደብዳቤው ቀን ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ትኬት ቆረጥኩላት። እሷ ልትነሳ አንድ ቀን ሲቀራት ጓደኛዋ ደወለች። እህቴ ሥራ ቦታዋ ላይ ወድቃ ራሷን ስታ፣ ሳትጠየቅ ወደ ቀዶ ጥገናው አስገብተዋታል። እናቷን ሳታይ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ኮምቦልቻ ድረስ ሸኘኋት። የፍርድ ቤቱን ወረቀት፣ አማርኛውን፣ በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከታዋለች፤ ፓስፖርቷን እንኳ እንዲያ አልያዘችውም። በሩ ላይ ስንደርስ «አየር ላይ ሆኜ ሶላት ቢደርስብኝ ቂብላው ወዴት ነው?» አለችኝ። ስንቱን ሰው ስመልስ የኖርኩት ሴት ይኼን አላውቀውም። «እንደተቀመጥሽ ስገጂ፣ ይቀበልሻል» አልኳት። «እህትሽ ትጠብቀኛለች አይደል?» አለች ደግሞ። «ትጠብቅሻለች» አልኩ። ውሸቴን ፊቴ ላይ እንዳታየው ሻንጣዋን አጎንብሼ አስተካከልኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ጓደኛዋ የምትልክልኝ አንድ ዓይነት መልእክት ነበር፤ እናቴ ደርሳለች፣ እህቴ ገና አልነቃችም። ሱቁን ዘግቼ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ በቪዲዮ ተደወለ። የእናቴ ፊት ነው፣ ስልኩን አስጠግታው ዓይኗና ግንባሯ ብቻ ይታየኛል።

«ነቅታለች! ተናገረች!» አለች። አልሃምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ ግን «አላመኗትም! ኧረ ጉድ ሆንን፣ አላመኗትም!» አለችኝ። ቀስ በይ አልኳት፤ ያን ጊዜ እሷ ያስረዳችኝን ኋላ እህቴ ከነገረችኝ ጋር ሳገጣጥመው ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ልቦናዋ መመለሱን ሊያይ እህቴን ይጠይቃታል። ስሟን፣ አገሯን፣ ያለችበትን። ሁሉንም መለሰች። ከዚያ «እናትሽ ማን ትባላለች?» አላት። እህቴም መለሰች፤ ወረቀቷ ላይ ያለውን፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ ዘጠኝ ዓመት ስትሞላው የኖረችውን። ሐኪሙ የእናቴን የጠያቂ ካርድ ደረቷ ላይ አየ፤ ከፓስፖርቷ የተገለበጠ ነው። ደግሞ ጠየቃት። ያንኑ ደገመችለት። ልቦናዋ ገና አልተመለሰም ብሎ ራሱን ነቅንቆ ጻፈ።

እናቴ ቋንቋው ባይገባትም ፊታቸው ገብቷታል። ያን ከብብቷ የማይለየውን ወረቀት አውጥታ ዘረጋችላቸው። አማርኛ የሚያነብ የለም። ጓደኛዋ ሥራ ላይ ናት። «ንገሪያቸው!» አለችኝ። «ልክ ናት በያቸው! ልጄ ልክ ናት!» ስልኩን ለሐኪሙ ሰጠችው።

የፎርም እንግሊዝኛ ነው ያለኝ፤ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ፊርማ። «ሁለት ስም፣ አንድ ሰው። ሁለቱም እናቴ ናት። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ይግባው አይግባው አላውቅም። ስልኩን እንደያዘ ወደ አልጋው ዞረ። እህቴን አየኋት፤ ራሷ በነጭ ተጠቅልሏል፣ አንድ ዓይኗ ተሸፍኗል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ጥያቄውን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቃት። እህቴ ምራቋን ዋጠች፣ ቀስ ብላ የእናታችንን የልጅነት ስም ጠራች።

እናቴ ከወዲያ በኩል «አቤት!» አለች።

ሐኪሙ ዞሮ አያት፣ ከዚያም የጻፈውን ሰረዘ።