በእሱ የማልኩ ቀን

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር፣ ፊቱን ሳይለውጥ በመዋሸት እኔን የሚያህል ሰው አልተፈጠረም። ይኼን የምለው በትሕትና ነው። አንድ ጊዜ ገበያ መሀል ለቆመ ሰው፣ ጅብ ትናንት አህያውን ሳይሆን ራሱን እንደበላው ነግሬው፣ ደንግጦ ገላውን ሲዳብስ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀብር ላይ ሰው አስቄ ተባርሬአለሁ። ሰርግ ላይ ሙሽራውን አስለቅሼ ተመርቄአለሁ። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ የሞተ ዕለት፣ ሚስቱን ከእናቷ ቤት ሳትሰማ እንዳመጣት ሽማግሌዎቹ ሲመርጡኝ የተገረመ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ልቡን የታመመው ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ነው። ሐኪሙ "የልቡ በር በደንብ አይገጥምም" አለን። አባቴ ከቤት በር ሌላ በር ስለማያውቅ፣ "ታዲያ አናጢ አይሻልም ወይ?" ብሎ ጠየቀ። በየወሩ ፍኖተ ሰላም እየወሰድኩ መርፌ አስወጋዋለሁ። የሚወጋው እሱ፣ የምጮኸው እኔ። ዳገት ሲወጣ ሦስት ጊዜ ያርፋል፤ እኔም አብሬው ቁጭ እላለሁ። ሰው ሲያልፍ ግን "እኔ ደክሞኝ ነው፤ እሱማ እየጠበቀኝ ነው" እላለሁ።

እርሻ አልሆነውም። ልብስ ስፌት ተማረና ቡሬ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየ። በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪና ትንፋሽ ሲያሳጥረው ጊዜ ሞተር አስገጠመለት። አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትንሿ ያን ጊዜ ገና አምስት ወሯ ነበር። ወገቤን በሜትር እየለካ "አንተ ቀድመኸኝ ትሞታለህ" ይለኝ ነበር። "ይኼን ሆድ ተሸክመህ ሩቅ አትሄድም። ኮትህን አጥብቤ እለብሰዋለሁ።"

በእኛ አገር ሰው ሳይምል አይውልም። "እናቴ ትሙት"፣ "አባቴ ይሙት" ካላልክ የሚያምንህ የለም። እኔማ ስንቱን በመሐላ እንደገደልኩ አላውቀውም። አጎቴን ብቻ አርባ ጊዜ ገድዬዋለሁ፤ ሰማንያ ዓመት አልፎት ዛሬም ጠላ ቤት ቀድሞኝ ይገኛል። በወንድሜ ግን በቤታችን አይማልም። ሐኪሙ የነገረን ዕለት ማታ እናቴ ሁላችንንም አስቀምጣ "በዚህ ልጅ የማለ ከቤቴ ይውጣ" አለች። እሷ ካረፈች በኋላም ትእዛዙ ጸንቶ ቆየ። ሚስቱም ወደ ቤታችን ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ የተማረችው ይኼንኑ ነው።

ሃያ ሰባት ዓመት ስንፈራው የኖርነው ሞት ነው። በተኛ ቁጥር ትንፋሹን አዳምጠናል፤ ከንፈሩ በጠቆረ ቁጥር ሆስፒታል ሮጠናል። ስንት ጊዜ ስመን ተሰናብተነው፣ በሳምንቱ ተመልሶ ሱሪ ሲቆርጥ አግኝተነዋል። በመጨረሻ የማይሞት መሰለን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ሱቁ ውስጥ ገብታ ሳለ፣ ሞተ። ወገቡን እንዲያሰፋልኝ የሰጠሁትን ሱሪ እየሰፋ ነበር። በረንዳው ላይ የሚሠራው ጫማ ሰፊ እንደነገረኝ፣ መቀስ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ግንባሩን መኪናው ላይ አስደገፈ። ጫማ ሰፊው፣ ደክሞት ትንፋሽ የሚወስድ መስሎት ተወው። እግሩ መርገጫው ላይ ስለነበር ሞተሩ አልቆመም፤ መርፌው ሱሪዬን አንድ ቦታ ላይ ይወጋል፣ ይወጋል።

ሮጬ ስደርስ "ተነስ፣ ሱሪዬ ደርሷል ወይ?" አልኩት። መቀለዴ አልነበረም። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሚስቱ ከሳምንት በፊት ትልቋን አክስቴ ዘንድ ትታ፣ ሕፃኗን አዝላ፣ ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ወዳለው የእናቷ አገር ሄዳለች። የንስሐ አባታቸው እጄን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ።

"መንገድ ላይ እንዳትሰማ" አሉኝ። "ታጠባለች፤ በድንጋጤ ወተቷ ይደርቃል። ትንሽ አሞታል ብለህ አምጣት። ጎረቤት ቤት አስገብተን፣ ዘመድ ከቧት፣ እኛ እናረዳታለን።"

"እሺ፣ አባ።"

"ከጠረጠረችህና አጥብቃ ከጠየቀችህ ግን እንዳትዋሻት። እዚያው እናቷ ቤት ንገራት። እናት አላት፣ ወገን አላት።"

"እሺ፣ አባ" አልኩ እንደገና። እንደዚያ ቀን ታዛዥ ሆኜ አላውቅም።

ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ በርበሬ ታሰጣለች። እጇ እስከ አንጓዋ ቀልቷል። ስታየኝ ሳቅ አለች።

"ጋሼ፣ በምን መጡ?"

"በእግሬ። አስፋልቱ ሲያልቅብኝ ነው ባጃጅ የያዝኩት።"

ሳቋን ሳትጨርስ ፊቴን አየችው። "እሱስ?"

"ትንሽ አሞታል። ሙሽራዬን አምጣልኝ ብሎ ነው።" ከሰርጓ ጀምሮ ሙሽራዬ ነው የምላት። "ጨው የሌለው ወጥ የሚሠራለት አጥቶ እኔ ሠራሁለት። ከዚያ ወዲህ ነው ያመመው።"

አልሳቀችም። ከሰሌኑ ላይ ተነሳች። እናቷ ሕፃኗን ታቅፈው ወጡና መቃኑን ተደግፈው ቆሙ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።"

"እውነቱ ይኼው ነው።"

"እንግዲያው በእሱ ይማሉልኝ።"

አባ ያሉኝ ቦታ ይኼ ነበር። እናቷ በአራት እርምጃ ርቀት ቆመዋል። ከአጥሩ ማዶ ወንድሞቿ እህል ይወቃሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል። በርበሬ የነካ እጇን ከገላዋ አርቃ፣ ዓይኔን ዓይኔን እያየች ትጠብቀኛለች።

"እሱ ይሙት፣ ደኅና ነው" አልኩ።

ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳቀች። "አስደነገጡኝ እኮ። ምን ዓይነት ሰው ነዎት?" ብላ እጇን ልትታጠብ ገባች። እናቷም አማተቡና መረቁኝ።

መንገድ ላይ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል ብዬ ስልኳን ተቀበልኳትና አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ማውራት ጀመርኩ። የጅቡን፣ የሰርጉን፣ የአናጢውን፣ ያለኝን ሁሉ አወራሁ። ሳቀች። ከቡሬ ይዤው የመጣሁት፣ ነገሩን የሚያውቀው ባለባጃጅ እንኳ ሳያስበው ሳቀና አፉን በእጁ ያዘ። ማንኩሳ ላይ አስቁማ አንድ ፌስታል የዘይቱን ፍሬ ገዛች፤ "ይወዳል" አለችኝ። ቡሬ እስክንገባ እያንዳንዱን በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል ነበር።

በሱቁ ፊት አለፍን። ተዘግቷል።

"በቅዳሜ ገበያ?"

"ታሟል አልኩሽ እኮ።"

"እውነት ነው" አለችና ወደ ዘይቱኗ ተመለሰች።

ጎረቤት ቤት ሰው ግጥም ብሏል። ለምን ቤቷ እንዳልወሰድናት ሳትጠይቅ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ስለ ጻድቁ ኢዮብ ጥቂት ተናገሩ፤ ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሉ ነገሯት።

አልጮኸችም። መንገድ ተሳስተው ለጠየቋት ሰዎች አቅጣጫ እንደምታሳይ ሆነች።

"የለም፣ አባ። ሌላ ሰው ይሆናል። ጋሼ በእሱ ምለውልኛል።" ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ።"

ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እናታችን ምን እንዳለች የማያውቅ እዚያ ውስጥ አልነበረም። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ስትጭን አየሁ። አባ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው መሬት መሬቱን ማየት ያዙ።

"ይንገሯቸው" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ፊቴ ያኔ ተለወጠ። ሊያዝልኝ አልቻለም። ያወቀችው ከአባ ቃል ሳይሆን ከእኔ ፊት ነው። ሕፃኗን አጠገቧ ለነበረችው ሴት ሰጠች፤ ዘይቱኑን ከጭኗ ላይ አንድ በአንድ እያነሳች ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የወጣው ድምፅ አሁንም ሱቁ ፊት ሳልፍ ይሰማኛል።

ወተቷ ለሦስት ቀን ደረቀ። ሕፃኗን የጎረቤት አራስ አጠባቻት። ዛሬ ድክ ድክ ትላለች፤ ስታየኝ ገና ሳልናገር ትስቃለች። እናቷም ቤቴ ትመጣለች፤ ጋሼ ትለኛለች፤ ቀልዴንም ትሰማለች። ይማሉልኝ ብላኝ ግን አታውቅም።

አባ በሐሰት በመማሌ ንስሐ ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ለምን እንደማልኩ ሲጠይቁኝ "ለወተቷ ብዬ ነው" አልኳቸው። እሳቸውንም ዋሸኋቸው። እኔ የሚያለቅስ ሰው ማባበል አላውቅም። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ አንድም ሰው አባብዬ አላውቅም። እዚያ ግቢ ውስጥ ፊቴ ላይ እንዳታለቅስብኝ ፈራሁ። በሞተ ወንድሜ የማልኩት ለዚያ ነው።