ባዶ ናት ያልኳት ሽጉጥ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የያዘኝ አመል አሮጌ ሽጉጥ መሰብሰብ ነው። እኩዮቼ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ እኔ ደግሞ ድሮ አሜሪካኖች በፈረስ እየተጓዙ የአገራቸውን ምዕራብ በሚያቀኑበት ዘመን ወታደሮቻቸው የታጠቋቸውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች አሳድዳለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በአዲስ አበባ እንደልብ አይገኝም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቼ ያገኘሁት ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱም ፈቃድ አላቸው። ልደታ ባለው ቤታችን ሳሎን፣ ቡፌው ላይ፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ባለቤቴ ቤት እንዲገቡ የፈቀደችው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባዶ መሆናቸውን ምዬላታለሁ።

ብምልስ ማን ይከለክለኛል? ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። መሣሪያ ሲገባ ከኋላ በኩል እከፍታለሁ፣ አያለሁ፣ ጣቴን ከትቼ እዳስሳለሁ፤ ከዚያ «ባዶ» ብዬ እፈርማለሁ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ስለዚህ ስለ መሣሪያ ሰው ሊያስተምረኝ ሲሞክር ቶሎ እናደዳለሁ፤ አልዋሽም።

ሦስተኛዋን ያገኘኋት ልደታ ማርያም ጀርባ ከሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነው። ባላቸው የድሮ ወታደር ነበሩ፤ ከአባታቸው የወረሷት ሽጉጥ በጨርቅ ተጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ስትኖር ኖራለች። እሳቸው ሲያርፉ ባልቴቲቱ «እኔ ብረት ታቅፌ አላድርም፤ ለሚያውቅበት ሰው ትሁን» ብለው፣ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አብረውኝ ሄደው በስሜ አዞሩልኝ።

ጨርቁን ፈትቼ ሳያት ክው አልኩ። በመጽሐፍ ላይ በሥዕል ብቻ የማውቃት የአሜሪካ ፈረሰኞች ሽጉጥ ናት። የእንጨት እጀታዋ ላይ ፋብሪካ ውስጥ የመረመራት ሰው ማኅተም እንኳ አልጠፋም። ባሕር ተሻግራ፣ በስንት እጅ አልፋ እዚህ እንዴት እንደደረሰች እግዜር ይወቅ። እንደ ሕፃን አቅፌ ነው ቤት የወሰድኳት።

እንደ ልማዴ መረመርኳት። ከኋላ በኩል ጥይት የሚገባበት ቀዳዳ የላትም። ጥይት የሚጎርሱት ስድስቱ ጎሬዎች ያሉበት ክቡ ብረት በዝገት ተጣብቋል፤ የሚያዞረውም ጥርስ ተሰብሯል። በእያንዳንዱ ጎሬ ጀርባ አንዳንድ ትንሽ ብረት ብቅ ብሏል፤ በሁለቱ ላይ አረንጓዴ የሆነ የመዳብ ክዳን ተለጥፏል። ከፊት ያለው የጎሬዎቹ አፍ በደረቀ ቅባትና በአቧራ ተደፍኗል። ምላጩ ሲሳብ መዶሻዋ ቀጭ ትላለች፤ ክቡ ብረት ስለማይዞር ግን የምትመታው ሁልጊዜ አንዷን፣ ክዳን የሌላትን ጎሬ ነው። ጥይት መግቢያ የሌለው መሣሪያ ምን ሊጎርስ ይችላል? «ባዶ» አልኩ። የመዳብ ክዳኖቹንም ለጌጥ የተደረጉ መስለውኝ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ አበራኋቸው።

የልጄ መልስ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሎ ነበር። የልጄ ባል የካውቦይ ፊልም ወዳጅ ነው፤ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳጥን መንቀል አቃተው። አውጥቼ ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ ባዶ ናት አይደል?» አለኝ።

«አሁን ይሄ ለእኔ ይባላል?» ብዬው እንግዶቹን ላስተናግድ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከኋላዬ ቀጭ ሲል፣ ቀጥሎም ሳቅ ሰማሁ። በማግሥቱ ፎቶውን በስልክ አሳዩኝ፤ አፈሙዟን ጆሮ ግንዱ ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኗል። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የክቡ ብረት አለመዞር ግን እረፍት ነሳኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ስድስቱም ጎሬዎች ተራ በተራ ሲዞሩ ካላየሁ አልኩ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እጁ የተባረከ በያጅ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሽጉጧን ከነፈቃዷ ይዤለት ሄድኩ። አገላብጦ አያትና «ባዶ ናት?» ሲለኝ «ባዶ ናት» አልኩት። «እንግዲያው በእሳት ስናሞቃት ዝገቱ ይለቃል» አለኝ።

«አሙቃት» አልኩት። እኔው ነኝ ያልኩት።

መነጽሩን አጠለቀ፤ የጋዙን እሳት ለኮሰ። ሊያስጠጋው ሲል ቆም አለና አጠፋው።

«ፋዘር፣ ይሄ ቅባት በጭስ ይገድለናል፤ መጀመሪያ ላውጣው» አለና ሹል ሽቦ አንስቶ የአንዷን ጎሬ አፍ ይቆፍር ጀመር። ከቅባቱ ሥር ሰም ወጣ። ከሰሙ ሥር ግራጫ ነገር ታየ። ያንን ወግቶ፣ እየነቀነቀ፣ ብዙ ታግሎ ሲያወጣው የሽምብራ ፍሬ የምታህል ድብልብል አረር መዳፉ ላይ ወደቀች። እሷን ተከትሎ ጥቁር ዱቄት ፈሰሰ።

በያጁ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጎ ደጅ ወጣ፣ መሬት ላይ አኖረና ራቅ ብሎ የተጫረ ክብሪት ወረወረበት። ፏ ብሎ ነደደ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ባሩዱ አልሞተም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በነዚያ ሽጉጦች ዘመን ጥይት ቀለህ አልነበረውም። ባሩዱም አረሩም የሚጎረሰው ከፊት ነው፤ የመዳብ ክዳኖቹ ደግሞ መዶሻዋ ስትመታቸው ባሩዱን የሚለኩሱት ናቸው። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር እኮ። እጄ የለመደው ግን ከኋላ ማየት ብቻ ነው፤ ዓይኔ ከእጄ ጋር ሄደ። የሁሉም አፍ በዚያው ቅባት ተደፍኗልና ስድስቱም ጎሬዎች ጎርሰዋል ማለት ነው። ከነዚያ ሁለት ክዳኖች አንዱ፣ መዶሻዋ ከምትመታት ጎሬ ቀጥላ ባለችው ላይ ነው። ክቡ ብረት አንዲት ጊዜ ብቻ ዞሮ ቢሆን ልጄ ገና በመልሷ ዕለት ባሏን ትቀብር ነበር። ያተረፈው እኔ ላስለቅቀው የመጣሁት ዝገት ነው።

ያገኘሁት በርሜል ላይ ዘጭ አልኩ። በያጁ መነጽሩን አውልቆ ትክ ብሎ አየኝ።

«ባዶ ናት ብለውኝ ነበር እኮ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሦስት ልጆች አባት ነው፤ እሳቱን ከማስጠጋት ያስቆመው ጭሱን መጥላቱ ብቻ ነው።

ሽጉጧን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርናትና ጣቢያ ደወልን፤ ባለሙያዎች መጥተው ወሰዷት። እኔ ከልደታ ተክለ ሃይማኖት ያለውን መንገድ በየቀኑ የምመላለስ ሰውዬ፣ ያን ቀን የትኛው ታክሲ ውስጥ እንደገባሁ አላውቅም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ትጮኽብኛለች፣ የቀሩትንም ሁለቱን አውጥታ ትጥላለች ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ወቃሿ እሷ፣ ተወቃሹ እኔ እንሆናለን ብዬ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ልጁ በመልሱ ዕለት ምላጩን መሳብ ፈርቶ ነበር» አለች። «ፎቶውን የማነሳው እኔ ነበርኩ። ‹እሱ ባዶ ናት ካለ ባዶ ናት፤ ዝም ብለህ ሳበው› ያልኩት እኔ ነኝ።»